ድምፅ የሌለው ወታደር

ልጅ በእጁ የሚይዘው መጫወቻ ከንቱ ዕቃ አይደለም። የገበሬ ልጅ ትንሽ ሞፈርና ቀንበር ጠርቦ ሲጫወት እርሻን ይማራል፤ ልጃገረድም ከጨርቅ ሕፃን ሠርታ ስታዝል እናትነትን ትለማመዳለች። እንግዲህ በልጅ እጅ የገባው ነገር ትንሽ ወታደር የሆነ እንደ ሆነ፣ ልጁ ስለ ጦርነት አንድ ነገር መማሩ አይቀርም። ሊመረመር የሚገባው፣ የሚማረው ነገር እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ከመናገር አንድ ምሳሌ መመልከት ይሻላል ብዬ፣ በአሜሪካ አገር ስለ ተፈጠረ፣ በመጫወቻም በሥዕል ታሪክም በካርቱን ፊልምም ስለ ታወቀ አንድ የልብ ወለድ ወታደር ልጽፍላችሁ አሰብሁ። ስሙ ስኔክ አይስ ይባላል፤ የእባብ ዓይኖች ማለት ነው።

እኔ ይህን ወታደር ያወቅሁት በጡረታ ዘመኔ ነው። በውጭ አገር ያደገ የእኅቴ ልጅ የልጅነት መጽሔቶቹን በካርቶን ሞልቶ አምጥቶልኝ ነበርና፣ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጬ አነበብኋቸው። ያነበብሁትንም ከነመነሻው እነግራችኋለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሃስብሮ የተባለ የአሜሪካ የመጫወቻ ኩባንያ በ1964 ጂ አይ ጆ የሚባል ወታደር አወጣ። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን እጁና እግሩ ይታጠፍ ነበር። ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት አይጫወትም ስለሚባል፣ ኩባንያው አሻንጉሊት የሚለውን ስም ትቶ “አክሽን ፊገር” የሚል አዲስ ስም አወጣለት። የቬትናም ጦርነት እየከረረ ሲሄድ ግን የወታደር መጫወቻ በብዙ ወላጆች ዘንድ ተጠላ፤ ኩባንያውም ወታደሩን አገር አሳሽና ጀብደኛ አድርጎ ለወጠው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጨርሶ ከገበያ ወጣ። በ1982 ሲመለስ ቁመቱ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። በዚህ ጊዜ የመጣው አንድ ወታደር ብቻ ሳይሆን ኮብራ የተባለውን የጠላት ድርጅት የሚዋጋ ቡድን ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ስምና የራሱ ሙያ ነበረው።

ከእነዚህ መካከል አንዱ ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር ነበረ። ምክንያቱም የሚያስገርም ነው፤ ለቀለም የሚወጣውን ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ፣ አንዱ ወታደር ምንም ቀለም ሳይቀባ ከጥቁር ፕላስቲክ ብቻ ተሠራ። ስኔክ አይስ ማለት ይህ ነው። በማሸጊያው ጀርባ ስለ እያንዳንዱ ወታደር የሚናገር አጭር ጽሑፍ ሲኖር፣ የዚህኛው እውነተኛ ስም ምሥጢር ነው ተብሎ ታለፈ። እንግዲህ ከቁጠባ የተነሣ ፊት የሌለው፣ ስምም የሌለው ወታደር ተወለደ ማለት ነው። ልጆች ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እርሱን ከሚወዱት መካከል አደረጉት።

ያንን የማሸጊያ ጽሑፍ ያዘጋጅ የነበረው ላሪ ሃማ የተባለ ሰው ነው። በ1949 የተወለደ፣ ዘሩ ከጃፓን የሆነ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት በመሐንዲስ ክፍል ሆኖ በቬትናም ጦርነት አገልግሏል። ማርቭል የተባለው አሳታሚ ከ1982 እስከ 1994 ያወጣቸውን 155 የጂ አይ ጆ መጽሔቶች ከጥቂቶቹ በቀር የጻፈው እርሱ ነው። የታዘዘው መጫወቻ የሚያሸጥ ታሪክ እንዲጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ጦርነትን በዓይኑ ያየ ሰው ስለ ነበረ፣ ያየውን ሁሉ መሸፈን አልወደደም። ከሁሉም በላይ በስኔክ አይስ ላይ የጻፈው ይህን ያሳያል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስኔክ አይስ በቬትናም ከጠላት መስመር ጀርባ እየገቡ ወሬ ከሚያመጡ ጥቂት ወታደሮች አንዱ ነበረ። አንድ ቀን ቡድኑ ብዙ ጠላት ገጠመውና እርሱ ቆስሎ ወደቀ። አለቃው የቀሩትን ለማዳን ሲል ትተውት እንዲወጡ ቢያዝም፣ በኋላ ስቶርም ሻዶው የተባለው ጓደኛው በጥይት መካከል ተመልሶ ተሸክሞ አወጣው። አገልግሎቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ በአውሮፕላን ጣቢያ የጠበቀው መርዶ ነው፤ ቤተ ሰቦቹ ሊቀበሉት ሲመጡ በመኪና አደጋ ሞተው ነበር። ማንም ስላልቀረለት ወደ ጃፓን ሄዶ ከዚያው ከጓደኛው ዘመዶች ዘንድ ተጠጋ፤ ኒንጃ የሚባሉትን የስውር ተዋጊዎች ጥበብም ከእነርሱ ተማረ። እዚያም መምህሩ በቀስት ተገደለ፤ ፍላጻው የስቶርም ሻዶው ስለ ነበረ ያ ጓደኛው ተጠረጠረ። ገዳዩ ሌላ ሰው መሆኑ፣ ሊገድል ያሰበውም ስኔክ አይስን እንደ ነበረ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ፣ ከቡድኑ ጋር ወደ በረሃ ሲበር የነበረበት ሄሊኮፕተር ከሌላ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። ስካርሌት የተባለች ሴት ወታደር ትጥቋ ተይዞ መውጣት አቃታት። ሌሎቹ ሲወጡ እርሱ ቀርቶ ሲያላቅቃት እሳቱ ፊቱ ላይ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱ ተበላሸ፤ ድምፁም ጠፋ። ልጆች የሚወዱት ያ ጥቁር ጭንብል እንግዲህ የተቃጠለ ፊት መሸፈኛ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ መምህራችን ማንኛውንም ታሪክ አንብበን ስንጨርስ፣ “ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?” ብለው ይጠይቁን ነበር። በዚህ ጥያቄ የካርቱኑን ፊልምና የመጽሔቱን ታሪክ እናመዛዝን።

ካርቱኑ በ1983 ተጀምሮ ከ1985 ጀምሮ በየዕለቱ ይታይ ነበር። በዚያ ፊልም የሁለቱም ወገን ወታደሮች የብርሃን ጨረር እንደ ዝናብ ይተኳኮሳሉ፤ ነገር ግን የሚሞት ሰው አይታይም። አውሮፕላን ተመትቶ ሲወድቅ አብራሪው በጃንጥላ ይወርዳል። በፍጻሜው አንድ ወታደር ብቅ ብሎ ልጆችን ከአደጋ እንዲጠበቁ፣ እንዳይዋሹ፣ እንዳይሰርቁ ይመክራል። ምክሩ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ዳሩ ግን ዋጋውን የከፈለው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ማንም አልከፈለም የሚል መልስ እናገኛለን። ለልጆች ተብሎ ሞት የተሰወረው በርኅራኄ ይሆናል፤ ሆኖም ሞት የሌለበት ጦርነት ከሁሉ የሚያታልል ውሸት ነው።

በመጽሔቱ ግን ሰው ይሞታል። በ1991 በወጣው በ109ኛው ቁጥር፣ ልጆች በስማቸው የሚያውቋቸው፣ መጫወቻቸውንም የገዟቸው ብዙ የቡድኑ ወታደሮች በአንድ ጊዜ ተገደሉ። ከእነርሱም መካከል ሐኪሙ ይገኝበታል። እርግጥ መጽሔቱም ዕቃ ለመሸጥ የተዘጋጀ ነበር፤ ሰይፉና ጥቁር ልብሱም ልጅን ያማልላል። ይህ አይካድም። ሆኖም ያው ገጽ ላይ ዋጋው ተጽፎአልና፣ ልብ ብሎ ያነበበ ልጅ አይታለልም።

ስለ ዝምታውም ጥቂት ልበል። በ1984 በወጣው በ21ኛው ቁጥር ላሪ ሃማ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ የንግግር ቃል የሌለበት ታሪክ አቀረበ። ስካርሌት በጠላት ግንብ ታስራለች፤ ስኔክ አይስ ሊያወጣት ይሄዳል፤ እርስዋ ግን ቁጭ ብላ አልጠበቀችም፣ በራስዋ ብልኃት እስራትዋን ፈትታ ወጣች። ይህ ሁሉ የሚነገረው በሥዕል ብቻ ነው። አንባቢ ሰውየውን የሚያውቀው ከሚሠራው ሥራ ነው እንጂ ስለ ራሱ ከሚናገረው አይደለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከዝምተኛ አፍ ፉከራ አይወጣም እላለሁ።

ይህን ሳነብ ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርሁት አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። አባቱ ከጦር ሜዳ ተመልሰው ነበር። ልጁ አንድ ቀን ደወል ከተደወለ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ “መምህር፣ አባቴን ስንት ጠላት እንደ ጣሉ እንዲነግሩኝ ብለምናቸው ዝም ይሉኛል። ልጆቹ አባትህ ፈሪ ነበር እያሉ ይሰድቡኛል” አለኝ። እኔም፣ “ልጄ፣ ነገሩ ከብዷቸው ይሆናል። ስንት ገደሉ ብለህ አትጠይቃቸው፤ ጓደኞችዎ እነማን ነበሩ ብለህ ጠይቃቸው” አልሁት። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ። አባቱ የአምስት ሰዎችን ስም አንድ በአንድ ጠርተውለት፣ ከአምስቱ በሕይወት ያለው አንድ ብቻ መሆኑን ነግረውታል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ የትልቅ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ በእረፍት ሰዓት እንጨት እንደ ጠመንጃ ይዞ ሲፎክር አላየሁትም።

የማርቭል መጽሔት በ1994 በ155ኛው ቁጥር ሲያበቃ የመጨረሻው ታሪክ ደብዳቤ ሆነ። ከድሮ የጦር ጓደኛው ቤት የወጣ አንድ ወጣት፣ ወታደር ልሁን ወይስ ይቅርብኝ እያለ ያስባል፤ ስኔክ አይስም ይጽፍለታል። በአፉ መናገር የማይችለው ሰው በብዕሩ ያለፈበትን ሁሉ፣ ያጣቸውንም ጓደኞች ይቆጥርለታል። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ዝም ብሎ የኖረው ሰው ሲናገር፣ የተናገረው ስለ ጀግንነቱ ሳይሆን ስለ ዋጋው ነበር። ከፋብሪካ በቁጠባ ለወጣ ጥቁር ፕላስቲክ ይህ ትልቅ ክብር ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ አገርን መጠበቅ የተከበረ ሥራ ነው፤ ይህን ሥራ የሚመርጠውንም ሰው አልነቅፍም። ነገር ግን ማንም ሰው ወደ ጦር ሜዳ በካርቱን ዓይን እያየ ሊሄድ አይገባውም። ሳይከፍል የሚያስከፍል አፈ ቀላል ሰው መጥቶ ጦርነትን እንደ ሠርግ ቢያወራላችሁ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ጠይቁት። መልሱንም ከእርሱ ብቻ አትጠብቁ። በየሰፈራችሁ ብዙ የማይናገሩ፣ በጥግ የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፤ ሄዳችሁ በአጠገባቸው ተቀመጡ፤ የጓደኞቻቸውንም ስም ጠይቁአቸው።