ግማሹ ጨው፥ ግማሹ አሲድ

አንባቢ ሆይ፥ ስለ አንድ የኬሚስትሪ ሊቅ «ምን ሠራ?» ብለው ቢጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገርዎ ቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ጽሑፍ አሳተመ፥ ይህን ያህል ጊዜ ስሙ ተጠቀሰ ይባላል። በመሥሪያ ቤትም ሰው በምስክር ወረቀቱ ብዛት እንደሚመዘን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። እኔ በኮልፌ ቀራኒዮ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ይህ ቁጥር ለተማሪዎቼ ምንም እንደማይነግራቸው አይቻለሁ። ሥራውን በተሠራበት ተራ ቢያነቡት ግን ሌላ ነው። ስለዚህም የፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌን ሥራ ላጫውትዎ።

ፕሮፌሰር ሶስና በ1966 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአዲስ አበባ ተወለዱ። በአሜሪካ ልማድ በአያታቸው ስም ይጠራሉ እንጂ አባታቸው ስመ ጥሩው የግእዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። እኒህ ሰው በ1975 በወታደሮች ጥይት ቆስለው እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ቤተሰቡም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። አባት በሚኒሶታ ተቀምጠው የብራና መጻሕፍትን ሲመዘግቡ፥ ልጅ በኤም. አይ. ቲ. ተምረው በ1992 ዶክተር ሆኑ፤ ከዚያም በካልቴክ ብዙ ዓመት አስተማሩ፥ በ2015 ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ታሪኩ ብዙ ያስተክዛል፤ የተነሣሁት ግን ለሥራቸው ነውና ልለፈው።

ፊውል ሴል የሚባለው መሣሪያ ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን ሳያቃጥል አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ያወጣል፤ የሚተርፈውም ውሃ ነው። ቁም ነገሩ በመካከል ባለው ስስ ግድግዳ ላይ ነው። ይህ ግድግዳ ፕሮቶንን ማሳለፍ፥ ጋዙን ግን መከልከል አለበት። የተለመደው ግድግዳ እንደ ፕላስቲክ ያለ ሆኖ ካልረጠበ አይሠራም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሲያልፍ ደርቆ ይሰንፋል።

ፕሮፌሰር ሶስና ግማሹ ጨው፥ ግማሹ አሲድ ወደ ሆነ ደረቅ ክሪስታል ዞሩ። ሰልፈሪክ አሲድ ሁለት ሃይድሮጅን እንዳለው ያስታውሳሉ? አንዱን አውጥተው በምትኩ ሲዚየም የተባለውን ብረት ሲያገቡበት የሚገኘው ነው። ይህ ክሪስታል 140 ዲግሪ ግድም ሲሞቅ ፕሮቶን የማሳለፍ ኃይሉ በድንገት ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ያድጋል።

ምክንያቱን ለተማሪዎቼ በታክሲ አስረዳቸዋለሁ። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሒሳቡን ለፊተኛው ያቀብላል፤ ፊተኛውም ዞር ብሎ ይቀበልና ተመልሶ ለረዳቱ ይሰጣል። ሁሉም አንገቱን ካደረቀ ብሩ ከቦታው አይነቃነቅም። በክሪስታሉ ውስጥም አንድ ሰልፈርና አራት ኦክስጅን የያዘው ቡድን ሳይሞቅ እንደ ተገተረ ይቆያል፤ ሲሞቅ ይዞራል፥ ሲዞርም ፕሮቶኑን ለጎረቤቱ ያቀብላል።

በ2001 ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው በ«ኔቸር» መጽሔት ላይ ክሪስታሉ በፊውል ሴል ውስጥ እንደሚሠራ አሳዩ። ሠራ እንጂ አልዘለቀም። ሃይድሮጅኑ በፕላቲነሙ እየተረዳ ሰልፈሩን ያጠቃው ጀመር፤ እንደ ገማ ዕንቁላል የሚሸተው ጋዝ ወጣ፥ መሣሪያውም ደከመ። ስንቱ ሰው እዚህ ላይ ባቆመ ነበር! ጽሑፉ ታትሟል፥ ስም ተጠርቷል። እነርሱ ግን በሰልፈሩ ፈንታ ፎስፎረስ ያለበትን ዘመዱን አመጡ። ይህኛውም ሌላ አመል ነበረው፤ ሲሞቅ የገዛ ውሃውን እየለቀቀ ይፈርሳል። እንዳይፈርስ ጥቂት እንፋሎት ሰጡት። ከውሃ ለመሸሽ ተነሥቶ እንፋሎት መለመን ያስቃል፤ ነገር ግን በ2004 በ«ሳይንስ» መጽሔት እንደ ታተመው፥ መሣሪያው ከ200 ዲግሪ በላይ ያለ ድካም ሠራ።

መማሪያ መጽሐፋችን የ2004ቱን ዓይነት ብቻ ይነግረናል፤ የ2001ዱ መድከም የለበትም። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ የመዳብ ሰልፌት ክሪስታል ላብቅል ብላ ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስት ጊዜም ሰማያዊ ዱቄት ብቻ ቀረላት። «ኬሚስትሪ የእኔ ዕድል አይደለም» ብላ ለከርሞ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ለመዞር ቅጽ አመጣችልኝ። ሳልፈርም የሁለቱን ጽሑፎች ታሪክ ነገርኋት። ጥቂት ዝም አለችና፥

«መምህር፥ ታዲያ ፎስፎረሱን መጀመሪያውኑ ለምን አልመረጡትም?» አለችኝ።

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ጠመኔ አነሣሁ፤ ይህ ክሪስታል ሲሞቅ ይፈርሳል እንጂ ፕሮቶን አያሳልፍም የሚሉ ሊቃውንት በዚያን ጊዜ እንደ ነበሩ እነግራት ጀመር።