በረዶ በድሬዳዋ

የደንገጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር መጀመሪያ ሹራቧን ያወለቀችው የ9 ዓመቷ ልጄ ናት። ቀጥሎ ታናሽ ወንድሟ፣ ቀጥሎ እኔ። ከአዋሽ ሐሩር በኋላ የጨርጨር ደጋ ያስለበሰንን ሁሉ ድሬዳዋ ከሩቅ ሆና አስወለቀችን። ከኋላ ወንበር ላይ፣ በመያዣ ሳጥኗ ውስጥ፣ ሹራቧን ማውለቅ የማትችል አንዲት ተጓዥ ነበረች፤ ነጯ ድመታችን በረዶ።

በረዶ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትገኝ ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለእኛ ልዩነቱ ልብስ መቀየር ብቻ ነበር። ለእሷ ምን እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው።

ትምህርት ቤት የተዘጋበት የሰኔ ማብቂያ ነበር፤ ያረፍነውም ከዚራ አክስቴ ቤት። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ከፍታ መውጣት ስለከበደው ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ በጣቢያው ዙሪያ ከተማ ተቆረቆረ። የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች ግራና ቀኛቸው በዛፍ የተሸፈነ ነው። በዚያ ጥላ ሥር የሄደ ሰው ዛፎቹ ለውበት ብቻ እንዳልተተከሉ ወዲያው ይገባዋል። ቀትር ላይ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ባጃጆች ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፣ ድሬ ታርፋለች። ማታ ደግሞ ከተማው እንደገና ይነቃል።

እኔ ግን የአዲስ አበባን ሰዓት ይዤ ነው የመጣሁት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጆቹን ይዤ ደቻቱን ተሻግሬ ወደ ቀፊራ ገበያ ወጣሁ። በረዶ ግቢውን ስለማታውቅ ትጠፋለች ብዬ ፈራሁና ጓሮ ካለችው ባለቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል አስገብቼ ዘጋሁባት። ምግብና ውሃ አስቀመጥኩላት። «ቶሎ እንመለሳለን» አልኩ። ገበያ ግን ገበያ ነው፤ ስንመለስ 7 ሰዓት አልፏል።

በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። የውሃው ሳህን ተገልብጧል። በረዶ ወለሉ ላይ ተዘርግታ፣ አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ታለከልካለች። ለሃጯ ደረቷን አርሶታል፤ ድዷ ቀልቷል። ልትነሳ ስትሞክር ተንገዳገደች። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። የጎረቤት ልጅ፣ በድሬ ወግ አንቱታ ሳያበዛ፣ «አንቺ፣ ድመትሽ ልትሞት ነው!» ብሎ በረዶ ያለበት ውሃ በባልዲ ይዞ መጣ። ሌላዋ ጎረቤት «ትኩሳት ስለሆነ ግማሽ ፓራሲታሞል ስጧት» አለች።

አዲስ አበባ ላለው የእንስሳት ሐኪማችን ደወልኩ። ሁለቱንም ከለከለን። «በረዷማ ውሃ ውስጥ እንዳትነክሯት፤ የቆዳዋ የደም ሥሮች ስለሚጠቡ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይታመቃል። ፓራሲታሞል ደግሞ ለድመት መርዝ ነው፤ ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም። ግማሽ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል» አለኝ።

ከዚያ የነገረኝን አንድ በአንድ አደረግን። ወደ ጥላ አወጣናት። ሆዷን፣ ብብቷንና መዳፎቿን በተራ የቧንቧ ውሃ አራስን፤ ቬንትሌተር አበራንላት። እርጥብ ፎጣ አላለበስናትም፤ ፎጣው ቶሎ ሞቆ ሙቀቱን ያፍናልና። ውሃ አቀረብንላት እንጂ በግድ አላጋትናትም። እንዲህ እያቀዘቀዝናት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድናት። የጤናማ ድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። የበረዶ፣ ያን ሁሉ ካራስናት በኋላም፣ ከ40 በላይ ነበር። ሐኪሙ በደም ሥሯ ፈሳሽ ሰጣት፤ የተሻላት ብትመስል እንኳ ኩላሊቷ ሊጎዳ ስለሚችል በሚቀጥሉት ቀናት እንድንከታተላት አስጠነቀቀን።

ማታ በረዶ አገግማ ጥግ ላይ ተኝታ ሳለ አክስቴ ቡና እያፈላች «ልጄ፣ እኛስ በዚያ ሰዓት ቆርቆሮ ሥር እንቀመጣለን እንዴ?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢሆንም አንገቴን አስደፋኝ።

በቀሪዎቹ ቀናት የአክስቴን ድመት ሳስተውል ሰነበትኩ። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ትዘላለች። ፀሐይ ሲበረታ ትሰወራለች። የት? ከእንስራው ሥር፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት እርጥብ አሸዋ ላይ። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በሸክላው ቀዳዳዎች ቀስ እያለ የሚወጣው ውሃ ሲተን ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ድመትም የምታደርገው ይህንኑ ነው። የሚያልባት መዳፏን ብቻ ስለሆነ ጸጉሯን በምራቋ እየላሰች ታርሳለች፤ ምራቁ ሲተን ትቀዘቅዛለች። ለዚህ ደግሞ ውሃ ያስፈልጋታል። አየሩ ታፍኖ ሲሞቅ ይህም አይበቃትም። ቬንትሌተርም ቢሆን ጸጉሯ ካልራሰ ብዙ አይረዳትም። አፏን ከፍታ ካለከለከች ነገሩ አልፏል ማለት ነው፤ ድመት እንደ ውሻ በዘልማድ አታለከልክምና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የበረዶን ቀን በድሬ ሰዓት አደረግነው። ጨዋታ ማለዳና ማታ ብቻ። ቀትር ላይ ወፍራም ግድግዳ ባለው፣ መጋረጃው በተጋረደና በሩ በተከፈተ ክፍል ውስጥ፣ ባዶ ወለል ላይ ትተኛለች። ውሃዋን ሦስት ቦታ፣ በማይገለበጥ የሸክላ ሳህን፣ ከምግቧ ራቅ አድርገን አስቀመጥን። ወተት የውሃ ምትክ አይሆንም፤ ብዙ አዋቂ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። እርጥብ ምግብ በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ የተረፈውን ወዲያው አነሳን። ጸጉሯን አበጠርነው እንጂ አልላጨነውም፤ ከፀሐይ የሚከላከላት እሱ ነውና። ነጭ ድመት ደግሞ ጆሮዋና አፍንጫዋ በፀሐይ ይቃጠላል፤ ሲደጋገም ለቆዳ ካንሰር ይዳርጋል።

እናንተም ወደ ቆላ ባትወርዱ ነገሩ አይመለከታችሁም ማለት አይደለም። የበጋ ፀሐይ የአዲስ አበባንም የቆርቆሮ ጣሪያ ያግለዋል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ለነፋስ ብላችሁ መስኮት ስትከፍቱ ወንፊት ይኑረው፤ ከፎቅ የሚወድቁ ድመቶች ጥቂት አይደሉም። ያረጁ፣ የወፈሩ፣ ግልገሎችና እንደ ፐርሺያን ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ድመቶች ከሌሎች ይበልጥ ይጎዳሉ። ቁምሳጥንና ጓዳ ከመዝጋታችሁ በፊት ውስጡን እዩ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። አዋሽ ላይ ለቁርስ ስንቆም ልጄ «ማን ከበረዶ ጋር ይቀራል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ መስኮት በትንሹ ከፈት ማድረግም ብዙ አይረዳም። ተራ ገባን። ሁለት ሁለት እየሆንን በላን፤ የቀሩት ሳጥኑን ይዘው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቁርሱ ቢዘገይ ማንም አላጉረመረመም።

አዳማን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ልጆቹ ሹራባቸውን መልሰው ለበሱ። በረዶ በሳጥኗ ውስጥ ክብ ሠርታ፣ ጭራዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ ተኝታለች። ልጄ ጣቷን በፍርግርጉ አስገብታ ጆሮዋን ነካ አደረገቻትና «እማዬ፣ ቀዝቅዛለች» አለችኝ።