የወይን አገር፣ የእሪያ ጎረቤት

መንገደኛ የሄደበትን ስፍራ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የሚኖረውንም ሰው ሊያይ ይገባዋል። ይህን ያስተማረችኝ በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል የምትገኘው ዱፕሊን አውራጃ ናት።

በዚያ ሙስካዳይን የተባለ፣ ቆዳው ወፍራም የሆነ አገር በቀል ወይን ይበቅላል። በሮዝ ሂል ከተማ ያለውን የወይን ጠጅ መጥመቂያ ለማየት እንግዶች ከሩቅ ይመጣሉ፤ ቀምሰውና ጠርሙሳቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

በዚያችው አውራጃ ግን ሁለት ሚሊዮን ያህል እሪያዎች በረጃጅም አዳራሾች ተዘግተው ይረባሉ፤ የሰዉ ቍጥር 50,000 ያህል ብቻ ነው። የእንስሳቱ ፍግና ሽንት በወለሉ ቀዳዳ ወርዶ ክዳን ወደሌለው ኩሬ ይፈስሳል፤ ፈሳሹም ኋላ በማሳ ላይ ይረጫል። ነፋስ ሲነሣ ሽታው በጎረቤት ደጅ ይገባል፤ ልብስ ማስጣት፣ በበረንዳ መቀመጥ ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ግዛቱ አዳዲስ ኩሬዎችን አገደ፤ የነበሩት ግን ቀሩ። በ2018 ፍሎረንስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ባመጣው ዝናብ አንዳንዶቹ ሞልተው ፈሰሱ። በዚያው ዓመት በፌዴራል ፍርድ ቤት፣ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ለሆኑ ከሳሽ ጎረቤቶች ካሳ ተፈረደ፤ የግዛቱ ምክር ቤት ግን እንዲህ ያለውን ክስ የሚያጠብብ ሕግ አወጣ።

እንግዳ ሽታው ቢከብደው የመኪናውን መስኮት ዘግቶ ያልፋል፤ ባለ አገሩ ግን ቤቱን ተሸክሞ ወዴት ይሄዳል? እንግዲህ ወዳማረ ስፍራ ስንደርስ «ምን ይታያል?» ከማለት አልፈን፣ «በዚህ የሚኖረው ሰው እንዴት ውሎ ያድራል?» ብለን እንጠይቅ።