ባትሪው ምን አጠፋ?

ወረታ ውስጥ አሮጌ ዲኤክስ ያለው ሰው ማታ ማታ ቁልቁለት ፈልጎ ማቆም ይመኛል። ፎገራ ግን ሜዳ ነው፤ ቁልቁለት ከየት ይምጣ? ጠዋት ሞተሪኖው እያቃሰተ በግድ ይዞራል፣ የሰፈር ጎረምሶች ተጠርተው ይገፋሉ። ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል፦ «ባትሪው አልቋል።» አዲስ ይገዛል። ወር ሳይሞላ ያው ማቃሰት ይመለሳል።

ሞተሪኖ መኪና ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ ከመቶ አምፒር በላይ። ስለዚህ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ዝገት ትበቃዋለች። መብራቱ ቦግ ብሎ እየበራ ሞተሩ ቀስ የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው።

ቴስተር ያለው ሰው አይገምትም። ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ይጠርጠር። ካልወረደ ግን ቴስተሩን በባትሪው ኔጌቲቭ ራስና በሞተሩ ብረት መካከል አድርጎ እንደገና ማስነሳት ነው። ግማሽ ቮልት ካለፈ የታመመው ገመዱ ነው፤ መድኃኒቱም ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግና አጥብቆ ማሰር። ይህን ሳያይ ባትሪ የሚያስገዛ መካኒክ ስንት አለ!

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው መኪና ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ደብረ ታቦር የሚያደርሰው አንዳንዴ እሱ ነው፤ ያን ሰዓት ደግሞ ገፊ አይገኝም።

ገመዱም ደህና ከሆነ ሞተሪኖው ይፈታ፤ ካርቦኑ አልቆ ይሆናል።