አበርገሌ፤ እንግዳ የማያጣው ቆላ

ከሰቆጣ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያወልቀው ጋቢውን ነው። ደጋው ላይ ጠዋት ተከናንቦት የወጣውን ጋቢ የአበርገሌዋ ኒሯቅ ሲደርስ አጣጥፎ ትከሻው ላይ ይጥልና ጥላ ይፈልጋል። ባሕር ዛፉ እየሳሳ ሄዶ ግራር ይተካዋል። ከዚያ በኋላ ድንጋያማውን ተዳፋት የዕጣን ዛፍ ይይዘዋል፤ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚንጠለጠል፣ በበጋ ቅጠል የሌለው፣ ለማያውቀው ሰው የደረቀ የሚመስል ዛፍ ነው። በምዕራብ ተከዜ ገደሉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከማዶ የበየዳና የጃናሞራ ተራሮች ግድግዳ ሆነው ይታያሉ። በሰሜን ትግራይ ነው፤ እዚያም አበርገሌ የሚባል ወረዳ አለ። ስሙ አንድ፣ ወረዳው ሁለት፣ ፍየሉም አንድ ዓይነት ነው።

የዋግ ኽምራው አበርገሌ ሰው ቤቱ ውስጥ ኽምጣጛ፣ ቢሮ ሲገባ አማርኛ፣ ገበያ ሲወጣ ትግርኛ ሲናገር ይሰማል። ሦስቱንም ቋንቋ በአንድ ወሬ ውስጥ የሚያቀላቅል ሰው አያስገርምም። ዳር ላይ ያለ አገር እንዲህ ነው፤ መጪና ሂያጅ አያጣም። የሚያጣው ነገር ቢኖር የሚሰነብት እንግዳ ነው።

እዚህ ሀብት የሚቆጠረው በፍየል ነው። የአበርገሌ ፍየል በስሙ የታወቀ ዝርያ ነው፤ አብዛኛው ቀላ ያለ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ሙቀትንና ረጅም መንገድን የቻለ። ብዙ ቦታ ፍየል ለሥጋ ሲረባ እዚህ ይታለባልም፤ ወተቱ ይጠጣል፣ ተንጦም ቅቤ ይወጣዋል። ሰቆጣ ያለው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ከገበሬው ጋር ሆኖ የዚህን ፍየል ዘር ለማሻሻል የሠራው ያለምክንያት አይደለም። ዝናብ ቀርቶ ማሽላው በአገዳው ሲደርቅ ቤተሰቡን የሚያቆየው ፍየሉ ነው።

የእረኛውን ምሳ ያየ ሰው አገሩን ግማሽ ያህል አውቆታል። ብርኩታ ይባላል። እረኛው ሞላላ ድንጋይ መርጦ እሳት ውስጥ ይከታል። ድንጋዩ ሲግል ያወጣውና ያቦካውን ሊጥ ዙሪያውን ይጠቀልልበታል፤ ከዚያ መልሶ ፍሙ ላይ እያገላበጠ ይጋግረዋል። ከውጭ ፍሙ፣ ከውስጥ ድንጋዩ ያበስለዋል። ምጣድ የለ፣ ድስት የለ። ሲበስል ይሰበርና ድንጋዩ ወጥቶ ይጣላል፤ ዳቦው ውስጡ ባዶ፣ ዳሩ ጠብስ ያለ ሆኖ ይቀራል። ትኩስ የፍየል ወተት ካለ ሌላ ማባያ አይፈልግም።

ከዚህ ዳቦ ጎን የኒሯቅም የሰቆጣም ሻይ ቤት ፓስታ ያቀርባል። ወጡ የሽንኩርትና የቲማቲም ነው፤ በርበሬ ይጨመርበታል፣ ከሥሩ እንጀራ ይነጠፋል። ሹካ ቢመጣም በአብዛኛው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ ሰው በእንጀራው እየጠቀለለ ይጎርሳል። ሮም ላይ እንዲህ የሚበላ ሰው ምን ይባል ይሆን? እዚህ ነውሩ ፓስታን ያለ እንጀራ ማቅረብ ነው። ፓስታ አገሬውን የረታው በጣዕሙ ብቻ አይመስለኝም። ሥጋና ቅቤ ስለሌለበት ለጾም ይሆናል፤ መኪና ላይ ሳምንት ቢከርም አይበላሽም፤ ጤፍ በተወደደበት ወር ሆድ ይሞላል።

ያመጡት ጣሊያኖች ግን እንደ ፓስታው አልተወደዱም። ጦራቸው በ1928 ዓ.ም. ሰቆጣን ያዘ። ዓመት ተመንፈቅ ሳይሞላ የዋግሹሙ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ አመፀ፤ ዋግና ላስታ አብረውት ተነሱ። በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ተይዞ አንገቱ ተቆረጠ፤ ራሱም ሕዝብ እንዲፈራ ገበያ ላይ እንዲታይ ተደረገ። በዚያው ዘመን ሮም የተቀመጡት ሰዎች ድሃ ገበሬዎቻቸውን ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የማስፈር ዕቅድ ነበራቸው። ከሮማኛ የሚመጣው ወገራ ላይ፣ ከፑሊያ የሚመጣው ጨርጨር ላይ እንዲሠፍር፣ ሌሎቹም በሆለታና በቢሾፍቱ ዙሪያ እርሻ እንዲይዙ ተብሎ ድርጅት ተቋቁሟል። ለያንዳንዱ ቤተሰብ ቤትና ማሳ ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። የመጣው ከታሰበው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ መሬቱ ባለቤት ነበረው፣ ባለቤቱም ጠመንጃ ነበረው።

ከነጻነት በኋላ ታሪኩ መልኩን ቀየረ። ንጉሠ ነገሥቱ እንዲቆዩ ከፈቀዱላቸው ጣሊያኖች መካኒክ፣ ግንበኛ፣ ዳቦ ጋጋሪና ምግብ ቤት ከፋች ሆነው የኖሩ ብዙ ናቸው፤ እዚሁ አግብተው የወለዱም አሉ። እነዚህን ሰው ወደዳቸው። ቤት በስማቸው የማድረጉ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ልዩ ፈቃድ የውጭ አገር ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከለከለ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ የዜጋውም ቤት ተጠራርጎ ሄደ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ ቤት እንዲኖረው የሚፈቅደውን አዋጅ ያጸደቀው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከፍ ያለ የውጭ ምንዛሪ ላለው ነው።

አበርገሌ ላይ እንዲህ ያለ ገበያ የለም። መሬት አይሸጥም፤ ገበሬው የሚይዘው የራሱና የሚስቱ ፎቶግራፍ የተለጠፈበትን የይዞታ ደብተር ነው። እንግዳ ሰው እዚህ ባለቤት የሚሆነው በገንዘብ ሳይሆን በጊዜ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙን ሳይሆን የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ከዚያ የእኩል እርሻ ያርሳል፣ ማኅበር ይጠጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፤ ሲቆይ ያገባል። ልጆቹ ፍየል መጠበቅ ሲጀምሩ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ዝግ ያለ መንገድ ነው፤ እኔ ግን በዶላር ከሚገዛው መንገድ ይልቅ ይህኛውን አምነዋለሁ።

የአበርገሌ ሰው እንግድነትን ከሌላ ሰው ሰምቶ አይደለም የሚያውቀው፤ ራሱ እንግዳ ሆኖ ኖሮበታል። በመኸር ጉልበት ያለው ወጣት ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ ይወርድ ነበር። ዕጣን መቁረጥ የለመደ እጅም እዚያው ሥራ አያጣም። ሥራው ቀላል ይመስላል። መንጋፍ በሚባለው ስለት ከግንዱ ላይ ቅርፊቱን በትንሹ ፋቅ ማድረግ፣ የሚንጠባጠበው ነጭ ሙጫ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ሳምንት መጠበቅ፣ ለቅሞ ያንኑ ቁስል ትንሽ ማስፋት፣ ደግሞ መጠበቅ፤ በጋው እስኪያልቅ እንዲሁ ነው። ከልክ በላይ የፋቀ ቆራጭ ዛፉን ይገድለዋል። የገዛ ተዳፋታቸው ላይ ዛፉ ያላቸው ሰዎች የሌላ አገር ዛፍ ለመቁረጥ መሄዳቸው ራሱ ስለ አገሩ ኑሮ ይናገራል።

ትልቁ ስደት በ1977 ዓ.ም. መጣ። በረሃቡ የዋግ ሰው በእግሩ ወደ ቆረም ጎረፈ፤ ከወሎ የተሰበሰበው ብዙ ሺህ ቤተሰብም በሠፈራ ወደ ምዕራብ ተጫነ። ከመድረሻዎቹ አንዱ መተከል ውስጥ ያለው ፓዌ ነበር። እዚያ ደግሞ ጣሊያን እንደገና ይመጣል፤ አሁን ግን ጠመንጃ ይዞ ሳይሆን ትራክተር ይዞ። ጣና በለስ የተባለውን ፕሮጀክት የጣሊያን መንግሥት በገንዘብ ደገፈው፣ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ ሠራው። ከደጋ የመጣው ሰው በለስ ወንዝ ግራና ቀኝ በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ገባ፤ ዛሬም ፓዌ ላይ ሰው የት ትኖራለህ ሲባል «መንደር ሰባት» ብሎ ይመልሳል። ቤት ተሰጠው። ወባም ጠበቀው። መሬቱም ባዶ አልነበረም፤ ጉሙዞች ይኖሩበት ነበር፣ ያልተጠየቁ ባለቤቶች። ደርግ ሲወድቅ ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ማሽኖቹ ቆሙ፣ ሆስፒታሉ ቀረ። ቤት ሰጥቶ ማስፈርና ሰውን ባለቤት ማድረግ አንድ እንዳልሆኑ ለማየት ከፓዌ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ አካባቢውን ያዩ ፈረንጆች ቻይናውያን ናቸው፤ የዋግ ሰው መቼም ከባሕር ማዶ የመጣውን ሁሉ ፈረንጅ ነው የሚለው። የተከዜን ግድብ የሠራው ሲኖሃይድሮ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለው ቅስት ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 300 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። መሐንዲሶቹ ጨርሰው ሄዱ፤ ውሃው ቀረ። ገደሉ ውስጥ ተኝቶ የወንዝ ዳር መሬት ሸፈነ፣ በምትኩ ዓሣ አመጣ። በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሀላ በኩል ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው መረብ ጣሉ። ቆሮሶ ይበዛል፤ አምባዛም አለ። ፍየል ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ጀልባ መቅዘፍ፣ መረብ መጠገን፣ ዓሣን እንደ ሥጋ ዘልዝሎ ማድረቅ ተማረ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ፈላጊው ይበዛል፤ ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለው ክርክርም አብሮ ይነሳል። ካህኑ የሚሉትን ሰምቶ ሁሉም እንደ ሕሊናው ያድራል። ከጣሊያን ፓስታን የወሰደው ቆላ ከቻይና ደግሞ ሐይቅ ወስዶ ዓሣ በላ። እንግዳው ይሄዳል፣ ጓዳው ውስጥ የገባው ይቀራል።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር አበርገሌ በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል ተገኘ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ደጋው ወጣ፤ ሰቆጣ ከተማና አጠገቧ ያለው የወለህ መጠለያ ተሞላ። ቆላ የለመደ ሰው የሰቆጣን ብርድ በሸራ ውስጥ ተቋቋመው። ፍየል ያልብ የነበረው እጅ የዕርዳታ ስንዴ ለመቀበል ተሰለፈ፤ ስንዴ ማስፈጨትም ገንዘብ ይጠይቃል። በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩ፣ በአንድ ዞን ያሉ ሰዎች ሆነው ሳለ ስማቸው «ተፈናቃይ» ሆነ። የሰቆጣ ሰው በሩን ከፍቷል፣ ያለውን አካፍሏል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ግን ሰቆጣ ራሷ የተቸገረች ከተማ ናት፤ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለማስቀረት ቃል ሲገባ ሰነዱን በስሟ የጠራው ያለነገር አይደለም።

የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ወደ ቀዬው የተመለሰ አለ። ተመላሽ ያገኘው ግን የጣለውን ቤት አይደለም። ጣራ የሌለው ግድግዳ፣ ባዶ በረት፣ መድኃኒት ያጣ ጤና ጣቢያ፣ ሣር የበቀለበት ማሳ ነው። ደብተሩን በሽሽት የጣለ ገበሬ ማሳው የእሱ መሆኑን የሚመሰክርለት ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱም ካልተመለሰ ጉዳዩ ይከብዳል።

ሰሞኑን ስለ ቤት ባለቤትነት የሚወራው ስለ ውጭ ዜጎችና ስለ አዲስ አበባ ሕንፃዎች ነው። ወሬው ላይ አበርገሌም ይጨመርበት። ከስንዴው ከረጢት ጋር ቆርቆሮና ምስማር ይጫን፤ ለእያንዳንዱ ተመላሽ ቤተሰብ ጥቂት እንስት ፍየሎች ይሰጡ፤ የጠፋው የይዞታ ደብተር ያለ ምልልስና ያለ ክፍያ እንደገና ይታተም። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት።