ለስድስት ሲሊንደር ስንት ካርቡሬተር?

በዚህ ገጽ ስለ ጸሎትና ስለ ቃሉ ማንበብ የለመዳችሁ፣ ዛሬ ስለ ካርቡሬተር ስጽፍ ትገረሙ ይሆናል። ነገር ግን የአጥቢያችን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ የተሰበሰቡበት፣ የአንድ ቸር ወንድማችንም ልብ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ በግልጽ ልንገራችሁ።

የአገልግሎት መኪናችን አሮጌ ቶዮታ ላንድክሩዘር ናት። ሞተሯ 2ኤፍ የሚባለው ነው፤ በቤንዚን ይሠራል፣ 4.2 ሊትር ነው፣ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ቶዮታ ይህን ሞተር ማምረት የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 ነው፤ ዕድሜዋን አስቡት። ያም ሆኖ ከወልድያ ወደ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትወርዳለች፣ በሀብሩ ገጠር እስከ ግራና ትዘልቃለች፣ በሌላ ቀን ደግሞ የድልብን ዳገት ትወጣለች። የምትጭነው ዘማሪዎችን ብቻ አይደለም። ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ሐኪም ቤት አድርሳለች፤ የየትኛው ሃይማኖት ናት ብሎ የጠየቀም የለም።

ይህች መኪና ካርቡሬተሯ አለቀ። ዘንጉ ተበልቶ አየር ያስገባል፣ ሚኒሞ አትይዝም፣ ዳገት ላይ ትታነቃለች። ይህን የሰማ በባሕር ማዶ ያለ ወንድማችን ደወለና «መጋቢ፣ አታስቡ! ሦስት ዌበር ገዝቼ እልካለሁ፣ እንደ ንስር ትበራለች» አለኝ። ሦስት ዌበር ማለት እያንዳንዱ ሁለት ጉሮሮ ያለው፣ በድምሩ ስድስት ጉሮሮ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ማለት ነው። ለውድድር መኪና ከዚህ የተሻለ አይገኝም። የመርሳው መካኒካችን ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። ሙስሊም ነው፤ ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ሲናገር አያበዛም። «ወንድምዓለም፣ ስጦታው ለሞተሩ ነው ወይስ ለሰጪው?» አለኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ግሪክኛ እንጂ ካርቡሬተር አላስተማሩኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በደንብ ተማርኩ።

ካርቡሬተር የሚሠራው በጠባብነቱ ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ያ የግፊት ማነስ ቤንዚኑን ከጎድጓዳው ስቦ ያወጣዋል። ጉሮሮው ከሚገባው በላይ ሲሰፋ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር አየሩ ይንቀራፈፋል፣ ቤንዚኑም አልወጣ ይላል። የእኛ መኪና ደግሞ አብዛኛውን ዕድሜዋን የምትኖረው በዝግታ ነው፤ በጭቃ፣ በድንጋይ፣ በሁለተኛ ማርሽ። ስሌቱም ከባድ አይደለም። 4.2 ሊትር ሞተር በአንድ ዙር የሚስበው ግማሹን ነው። በደቂቃ 3600 ዙር ቢዞርና ሰማንያ በመቶ ቢሞላ፣ 6000 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል። ለዚህ ስድስት ሰፋፊ ጉሮሮ አያስፈልግም።

«ታዲያ ለምን እንደ ፋብሪካው በአንድ አትቀጥሉም?» የሚለኝ ይኖራል። ጤነኛ ካርቡሬተር ያላችሁ በእርሱ ቀጥሉ፤ ምክሬ ይህ ነው። ነገር ግን አንድ ካርቡሬተር መሐል ላይ ሲቀመጥ የመካከሎቹ ሲሊንደሮች ቀድመው ይጠግባሉ፣ ዳር ያሉት አንደኛውና ስድስተኛው የተረፈውን ያገኛሉ። የጠገበው ካንዴላው ይጠቁራል፣ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ሁሉም ያየዋል። የተራበው ግን አይጨስም። ዝም ብሎ ይግላል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ አንድ ቀን ቫልቩ ተቃጥሎ ይገኛል። ስለ ጉባኤ የማወራ የመሰላችሁ ካላችሁ፣ እኔም መካኒኩ ይህን ሲያስረዳኝ የታየኝ የዳር ምእመኖቻችን ፊት ነበር።

ካርቡሬተር ማብዛት የቆየ ጥበብ ነው። የ1953ቱ ኮርቬት በስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ላይ ሦስት ነበረው፤ በ1961 የወጣው ጃጓር ኢ ታይፕም ሦስት። ዳትሰን 240ዜድ ግን በሁለት ረክቷል። እኛም ሁለትን መረጥን፤ ምክንያቱን ስሰማ በእውነት ደስ ብሎኛል። የእኛ ሞተር የሚተኮሰው በ1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ተራ ነው። የፊተኛው ካርቡሬተር 1፣ 2 እና 3ን፣ የኋለኛው 4፣ 5 እና 6ን ቢመግብ፣ ተራውን ተከትላችሁ ቁጠሩት፤ ፊት፣ ኋላ፣ ፊት፣ ኋላ። አንዱ ሲስብ ሌላው ያርፋል፣ ማንም ማንንም አይሻማም። ሦስት ሆነው ሁለት ሁለት ሲሊንደር ቢይዙ ግን የዳርና የዳሩ አንዴ ተቻኩለው አንዴ ዘግይተው ይስባሉ፤ እኩል የሚተነፍሰው የመሐሉ ብቻ ነው። በማገናኛ ቧንቧ ይታረማል ይላሉ። ይታረም ይሆናል፤ ችግር ገዝቶ ማረም ግን ለእኛ አቅም አይደለም።

ሁለቱ ደግሞ መንትዮች መሆን አለባቸው። አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ፣ ቢቻል ከአንድ መኪና የወጡ። ሶማሌ ተራ የተገኙት የእንግሊዝ ኤስዩ ናቸው፤ ጉሮሯቸው 44 ሚሊ ሜትር፣ ውስጡ እንደ አየሩ ብዛት ከፍ ዝቅ የሚል ፒስተን አለው። ስለዚህ በዝግታም ጉሮሮው ራሱን ያጠብባል። ሌላው ጥቅሙ ለእኛ አገር ነው። ወልድያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ወደ ጋሸና ስትወጡ ደግሞ ይብሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። በዌበሮቹ ቢሆን ስድስቱንም ጉሮሮ ፈትቶ የነሐስ ጄት መቀየር ነበር። በእነዚህ ግን ከሥር አንድ አንድ ብሎን አለ፤ ወደ ላይ ጠበቅ ሲል ድብልቁ ይሳሳል። በጀሪካን የሚቀዳው ቤንዚን ቆሻሻ መሆኑንም አስቡ፤ ቀዳዳ በበዛ ቁጥር መደፈን ይበዛል። ለሀብሩ አቧራ የሚሆን ትልቅ ፊልትሮ የምናስርበትም ቦታ ተረፈን።

ለወንድማችን ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጽፌለታለሁ። ስጦታውን ንቀን እንዳልሆነ፣ ፍቅሩን እንደተቀበልን፣ ዌበሮቹ ግን ለሌላ ሞተር የተፈጠሩ መሆናቸውን። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እስካሁን አልመለሰልኝም። ጸልዩለት፣ ለእኔም ጸልዩ።

መካኒካችን ሥራውን እየጨረሰ ነው። የጎማ ቱቦ ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ሌላውን ጫፍ በየካርቡሬተሩ አፍ እያስጠጋ የአየሩን ሹክሹክታ ያዳምጣል። የአንዱ ድምፅ ከሌላው ከበለጠ ማገናኛውን ዘንግ ፈታ ያደርግና እንደገና ያዳምጣል። ትናንት ሁለቱ እኩል ሆኑለት። ማክሰኞ ድልብ እንወጣለን፤ ዳገቱ ላይ ቆመን ካንዴላዎቹን እንፈታለን፣ አንደኛውንና ስድስተኛውን አስቀድመን።