ጫማ የሞላበት ደጃፍ

በሩ ሲንኳኳ አክስቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ነበር። ታኅሣሥ 20 ነው፤ ጾሙ ሊፈታ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ከመስኮቱ ውጭ ከጠዋት ጀምሮ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነገር ሲወርድ ውሏል። ለዚህ ነገር አማርኛችን ቃል ያጥረዋል፤ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚጋገረውንም፣ ይህን ድምፅ የለሹንም «በረዶ» ብለን እንገላገላለን። «አመዳይ» ይሻል ነበር፤ እሱን ግን ለመጽሐፍ ቅዱስ ትተነዋል። ይሁን፣ በረዶ እላለሁ።

ከፈትኩ። ሁለት ወጣቶች ቆመዋል። ነጭ ሸሚዝ ከነክራባቱ፣ ከላይ ካፖርት፣ ደረታቸው ላይ ትንሽ ጥቁር የስም ሰሌዳ። አንዱ ቀጭን ፈረንጅ ነው፤ ጆሮው በርበሬ መስሏል። ሌላው በሩን የሚሞላ ጠይም ጎረምሳ ነው፤ ቅንድቡ ላይ በረዶ ተንጠልጥሏል። አሜሪካ የኖረ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሞርሞን የምንላቸው፣ በሙሉ ስሟ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የምትልካቸው ሚስዮናውያን ናቸው። ብዙ ሰው ቤት የሌለ መስሎ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያሳልፋቸው።

«ማነው እሱ?» አለች አክስቴ ከረከቦቱ ሳትነሳ።

«ሰባኪዎች ናቸው እትዬ።»

«ታዲያ በዚህ ብርድ ደጅ ታቆማቸዋለህ? የሰው ልጆች አይደሉም? አስገባቸው!»

ገቡ። ማንም ሳይነግራቸው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፤ አክስቴን መጀመሪያ ያሸነፏት በዚህ ይመስለኛል። የግዙፉ ልጅ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። አክስቴ አየችው፤ ምንም አላለችም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር በዚያ አገር ካየሁት ድንቅ ሁሉ ይበልጥብኛል። ሁለት ስኒ ሞልታ ዘረጋችላቸው። ልጆቹ ተያዩ። ቀጭኑ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቡና አንጠጣም አለ። አክስቴ እንግሊዝኛ ትሰማለች፤ ይህን ግን ጆሮዋን አላመነችውም። ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ሆነው ነው? ጾም ላይ ናቸው?»

«አይደለም እትዬ። በሃይማኖታቸው ቡናም ሻይም ክልክል ነው።»

ክልከላው ከ1833 ጀምሮ የመጣ መሆኑን ጨመርኩላት። (ዘመኑን በፈረንጆች ነው የምጽፈው፤ አገሩ የእነሱ ነው።) አክስቴ ስኒዎቹን አየች፣ ዕጣኑን አየች፣ ልጆቹን አየች። «በዚህ ብርድ ያለ ቡና! ታዲያ በምን ይሞቃሉ?» ብላ ተነስታ ወደ ኩሽና ገባች። ስትመለስ የአጃ አጥሚት ይዛለች፤ የጾም ነው፣ በውኃ ብቻ የተሠራ። ግዙፉ ልጅ ሦስት ኩባያ ጠጣ።

ቀጭኑ ከቦርሳው በእኛው ፊደል የታተመ መጽሐፈ ሞርሞን አወጣ። አክስቴ ሽፋኑን ጮክ ብላ አነበበችለት፤ ልጁ የገዛ መጽሐፉን ስም በትክክል ሲጠራ የሰማው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ፊቱ በራ። ከዚያ «እኔ የራሴ አለኝ ልጄ» ብላ መለሰችለትና ግድግዳው ላይ ያለችውን እመቤታችንን አሳየችው። ትምህርታቸው ከእኛ ጋር አይገጥምም፤ እሱን ሊቃውንት ይነጋገሩበት። እኔ የጠየቅኳቸው ስለ ውሏቸው ነው።

ወንዱ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ይሄዳል፤ ሴቷ ለ18 ወር። ወዴት እንደሚላኩ አይመርጡም። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ እንዲያውም ከፋዩ ላኪው ቤተሰብ ነው፣ አሜሪካውያኑ ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ በወር 500 ዶላር ያዋጣሉ። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 12፡30 ይነሳሉ፣ ማታ 4፡30 ይተኛሉ። ሁልጊዜ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ዓይን አይጠፋም። በሳምንት አንድ ቀን ልብስ ያጥባሉ፣ አስቤዛ ይገዛሉ፣ ወደ ቤት ይደውላሉ። እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ግን የቤተሰብን ድምፅ መስማት የተፈቀደው በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር፣ በገናና በእናቶች ቀን። ቀሪው ቀን በር ማንኳኳት ነው። ስንቱ ይከፍትላችኋል ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁ።

ግዙፉ ልጅ ከቶንጋ ነው፤ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴት። ዴንቨር እስኪደርስ ድረስ በረዶ ያየው በፊልም ነው። እናቱን በስልክ ሲያያት ካሜራውን ወደ መስኮቱ አያዞርም። ለምን ስለው፣ ታለቅሳለች አለኝ።

ሲወጡ አክስቴ ከመሳቢያዋ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አውጥታ ለቶንጋው ልጅ ሰጠችው። በር ላይ ቁጭ ብሎ አደረገው። ከዚያ በበረዶው ውስጥ ወደ ጎረቤት በር ሄዱ፤ አልተከፈተላቸውም።

አክስቴ የምትኖርባት አውሮራ በላቲን ጎህ ማለት ነው። በ1891 ስትቆረቆር ስሟ ፍሌቸር ነበር፣ በ1907 ለወጡት። ዛሬ ከዴንቨር ጋር ግንብ ለግንብ ተያይዛ፣ በ2020ው ቆጠራ 386 ሺህ ሰው ተቆጥሮባታል። ሐቫና በተባለው ጎዳና የሄደ የእኛን ፊደል ሱቅ ላይ ያነባል፣ እንጀራ ይገዛል። የአውሮራ እህት ከተማ አዳማ ናት፤ ዴንቨር ደግሞ ከ1995 ጀምሮ የአክሱም እህት ናት። ይህ እህትነት የወረቀት ነገር ቢመስልም በዚያ ሰሞን ከአእምሮዬ አልወጣም። አክሱምስ ወንጌልን የሰማችው ከማን ነው? ከጢሮስ ሰው ከፍሬምናጦስ፣ በኋላም ከሩቅ ከመጡት ከዘጠኙ ቅዱሳን አይደለም? ይህን ለአክስቴ ብነግራት ጥቂት አሰበችና «እነሱን ግን ቡና አቅርበን አልገፉብንም» አለች። ቡና ያኔ መጠጣቱን ማን ያውቃል፤ አልተከራከርኳትም።

ስለ ዴንቨር የሚነገረው የመጀመሪያው ነገር ከፍታዋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር፣ ልክ አንድ ማይል። እንግዳ ሲመጣ ውኃ አብዝተህ ጠጣ፣ አየሩ ስስ ነው እያሉ ያስጠነቅቁታል። ከአዲስ አበባ 2,355 ሜትር ለመጣሁት ለእኔ ይህ ቁልቁለት ነው፤ ሳልከራከር ውኃዬን ጠጣሁ። በክፍለ ግዛቱ፣ በኮሎራዶ፣ ምክር ቤት ደረጃ ላይ የማይሉ ልክ ተቀርጿል። ችግሩ አንድ ቦታ አለመሆኑ ነው፦ መጀመሪያ 15ኛው ደረጃ ተባለ፣ በ1969 ወደ 18ኛው ወጣ፣ በ2003 ደግሞ ወደ 13ኛው ወረደ። እኔ 15ኛው ላይ ቆሜ ፎቶ ልነሳ ስል በረዶው አንሸራቶኝ 13ኛው ላይ ተገኘሁ። ትክክለኛው እሱ ነው ይባላል።

ወገቤን ይዤ ገባሁ። ከጉልላቱ ሥር ዙሪያውን የባለ ቀለም መስታወት ሥዕሎች አሉ፤ ኮሎራዶን ካቀኑት መካከል የተመረጡ 16 ሰዎች። አንዱ ጆን ዳየር ይባላል፣ የሜቶዲስት ሰባኪ። ስለ እሱ ጥቂት ልቆይ።

ዳየር በ1812 ኦሃዮ ተወለደ። በ1861 ወደ ኮሎራዶ ሲመጣ ዕድሜው ሃምሳ ሊሞላ ነበር፤ የመንገዱን ሰፊ ክፍል በእግሩ ነው የመጣው። ወርቅ ቆፋሪዎች በተራራው ውስጥ ተበታትነው ይኖሩ ነበርና ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ይሰብካቸው ጀመር። ስብከት ግን አያበላም። በ1864 የፖስታ ሥራ ያዘ፤ በሳምንት 18 ዶላር ተከፍሎት ደብዳቤውን በጀርባው ተሸክሞ ማስኪቶ የተባለውን የተራራ በር ያቋርጣል። ማስኪቶ ማለት ቢምቢ ነው። እኛ ጣርማ በር እንደምንለው፣ የቢምቢ በር እንበለው። ከፍታው 4,019 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሸን ላይ የቆመ ሰው ቁልቁል የሚያየው ቢሆንም በክረምት በረዶው ሰው ይውጣል። ዳየር እግሩ ሥር ከሰው ቁመት የረዘመ ጣውላ አስሮ በላዩ ይንሸራተት ነበር፣ የኖርዌይ የበረዶ ጫማ ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚሄደው በሌሊት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ በረዶው ይላላና አይሸከመውም። አንድ ጊዜ ማዕበል አግኝቶት እግሩን ውርጭ በላው። በየደረሰበት ፖስታውን ያድላል፣ ከዚያ ይሰብካል። ልጁ ዳኛ ሆኖ በ1875 በገዛ ችሎቱ ውስጥ ተገደለ፤ ሽማግሌው ግን ተራራውን ትቶ አልሄደም። በ1890 የሕይወቱን ታሪክ ሲያሳትም ርእሱን ያገኘው ከነዚያ ጣውላዎች ነው።

ከምክር ቤቱ ወደ አክስቴ ቤት የወሰደኝን መኪና የጠራሁት በስልክ ነበር። ሾፌሩ መልኩ የእኛ ነው፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቧል። የመኪናውን ኪስ ሲከፍት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የእጅ መስቀል አየሁ።

«አባ፣ ካህን ነዎት እንዴ? ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ፤ ቀይ መብራት ላይ ስለነበርን አሳለሙኝ።

መንገዱ አርባ ደቂቃ ወሰደ፤ በረዶ ሲሆን መኪናው ሁሉ እንደ ሰርገኛ ነው የሚሄደው። ሌሊት አየር ማረፊያው አካባቢ ይሠራሉ። ደብሩ የሚሰጣቸው ለቤት ኪራይ አይበቃም፤ ይህን የነገሩኝ ያለ ምሬት ነው። የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነው። ቅዳሴ በደንቡ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፣ ሁለት ካህንና ሦስት ዲያቆን። አገር ቤት አምስት ልዑክ ምን ችግር አለው! እዚህ ግን ቅዳሜ ማታ ስልክ ነው፦ አንዱ ዲያቆን የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነው፣ ሌሊት ተረኛ ነው፤ ሌላው የነርስ ተማሪ ነው፣ ፈተና አለበት፤ ሦስተኛው መንገዱ ተዘግቶበታል። «አንድ ጊዜ አንደኛውን ዲያቆን ከበረዶ ውስጥ ቆፍረን አውጥተን ነው የቀደስነው» አሉኝ። የኅዳር 15ን ጾምም አነሱ፤ መያዣው ፈረንጆች ቱርክ ዶሮ ከሚያርዱበት የምስጋና ቀን ጋር ይጋጫል፣ አሠሪ ለሠራተኛው ቱርክ የሚያድለው በዚያው ሰሞን ነው። ጥምቀትማ! ከተራ ማታ ደጅ የቀረ በርሜል ጠዋት ላዩ መስታወት ሆኖ ቆይቷቸዋል።

ብርድ ስላቸው የአንድ ዓመቱን ያስታውሳሉ። ታኅሣሥ 2022 አየር ማረፊያው ላይ ሙቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ 37 የፋራናይት ዲግሪ ወደቀ፤ በማግስቱ ከዜሮ በታች 31 ሴልሺየስ ደረሰ። ያን ሌሊትም ሠርተዋል።

ሂሳቤን ስከፍል ስለ ዳየር ነገርኳቸው፤ ስለ ፖስታው። ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ስንት ይከፍሉት ነበር አልክ?»

የገና ሌሊት ከአክስቴ ጋር ወደ ደብሩ ሄድኩ። ሕንፃው ድሮ የፕሮቴስታንቶች ነበር፤ አግዳሚዎቹን አንስተው ምንጣፍ አንጥፈዋል፣ መንበሩን ወደ ምሥራቅ አዙረዋል። ከበሩ በስተውስጥ የጫማ መደርደሪያው ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሷል፦ ቦት ጫማ፣ የሕፃናት ጫማ፣ የነርስ ነጭ ጫማ፣ በረዶው እየቀለጠ ከሥሩ የሚፈስበት። ነጠላ ከወፍራም ጃኬት በላይ ተጣፍቷል። ከበሮው ሲመታ ትንንሾቹ፣ እርስ በርስ በእንግሊዝኛ የሚያወሩት፣ በግእዝ ተቀበሉ። ሾፌሬ መጋረጃው ጋ ቆመው አየኋቸው፤ ካባ ለብሰው አላወቅኳቸውም ነበር፣ በድምፃቸው ነው የለየኋቸው። አምስቱም ልዑካን ተገኝተዋል።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ መኪናዎቹ ሁሉ ነጭ ጉብታ ሆነዋል። የበሩ ደፍ አካባቢ ምንጣፉ ርሶ ይቀዘቅዛል፤ ካህናቱ ምእመኑን እያሳለሙ የሚቆሙት እዚያ ላይ ነው፣ በካልሲ። አክስቴ ወደ እግራቸው አይታ ቀና አለች።

በታኅሣሥና በጥር ወደዚያ የምትሄዱ አንባብያን፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው አጠገብ ጥቂት ጥንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ጨምሩ። አንዱን ጥንድ በር ለሚያንኳኳ አስቀሩ፤ የቀረውን ለደብሩ ስጡ።